ከ11ኛ ክፍል ወዴት?

መምህርቷ፦ ጋሼ፣ ልጅቷን ለክለብ ከመስጠትዎ በፊት አንድ ዓመት እንዲታገሱኝ ልለምንዎ ነው የመጣሁት። ገና 11ኛ ክፍል ናት። ትራንስክሪፕቷን አይቼዋለሁ፤ እንግሊዝኛዋ ደህና ነው፣ ሒሳብም አልወደቀችም። አሜሪካ ያሉ ኮሌጆች እንዲህ ያለች ሯጭ ቢያገኙ አስተምረው ያሮጧታል።

አሰልጣኙ፦ ክለቡ የሚፈልጋት ግን ዛሬ ነው። ከአያት አደባባይ ተነስተን በጣፎ አድርገን ሰንዳፋ ስንመላለስ ብዙ ልጅ አይቻለሁ። “አሜሪካ” የሚል ወሬ ጆሮው የገባ ልጅ ልቡ ልምምድ ላይ አይቆይም። ወሬው ሳይሆን ሲቀር ደግሞ ከትምህርቱም ከሩጫውም ተቆርጦ ይቀራል።

መምህርቷ፦ ልቡ የሚሸፍተው ጉዳዩን እንደ ዲቪ ዕጣ ስለሚያየው ነው። ዕጣ አይደለም፤ ሕግ ያለው ነገር ነው። የአሜሪካ ኮሌጆች የስፖርት ማኅበር ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. ይባላል፤ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች በሥሩ ይወዳደራሉ። በከፍተኛው ምድብ ለመሮጥ በሃይስኩል ዓመታት 16 ዋና ዋና ኮርሶችን መጨረስ ያስፈልጋል፤ አራቱ እንግሊዝኛ፣ ሦስቱ ሒሳብ፣ ሁለቱ ሳይንስ ናቸው፣ ሌላው ይከተላል። አማካይ ውጤቱ ከ4 ቢያንስ 2.3 መሆን አለበት። ኤስ.ኤ.ቲ. የሚባለውን ፈተና እንኳን ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ2023 ከመስፈርቱ አውጥቶታል። ይህች ልጅ ልታሟላው የማትችለው ነገር የለም።

አሰልጣኙ፦ መስፈርቱን ማሟላትና ገንዘቡን ማግኘት ለየቅል ናቸው። ሰው ሁሉ “ፉል ስኮላርሺፕ” ይላል። ለብዙ ዓመታት አንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ለወንዶች አትሌቲክስ፣ አገር አቋራጩንም የመሙንም ጨምሮ፣ ሊሰጥ የሚችለው 12.6 ስኮላርሺፕ ብቻ ነበር። በሌሎች ስፖርቶችም እንዲሁ ነው፤ ለትግል 9.9 ነበር። ሠላሳ ያህል ታጋይ 9.9 ስኮላርሺፕ ይካፈላል ማለት ነው፤ አንዱ ግማሽ፣ አንዱ ሩብ፣ አንዱ የመጽሐፍ መግዣ ብቻ ያገኛል። የአዮዋ ወይም የፔንሲልቬንያ ታጋይ ሩብ ቢደርሰው የቀረውን ቤተሰቡ ይሞላለታል። የኛ ልጅ ሦስት አራተኛውን በዶላር ከየት ታመጣለች?

መምህርቷ፦ ለሴቶች አትሌቲክስ 18 ነበር። አሁን ደግሞ ቁጥሩ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 “ሃውስ” የሚባለው የፍርድ ቤት ስምምነት ከጸደቀ ወዲህ፣ ስምምነቱ ውስጥ የገቡት ዩኒቨርሲቲዎች የስኮላርሺፕ ጣሪያ የለባቸውም። የተገደበው የቡድኑ አባላት ቁጥር ነው፤ ለአትሌቲክስ 45፣ ለአገር አቋራጭ 17፣ ለትግል 30። የኮሌጁ አሰልጣኝ ከፈለገ 17ቱንም በሙሉ ወጪ ማስተማር ይችላል።

አሰልጣኙ፦ ከፈለገ፣ ገንዘብም ከተሰጠው። ያው ስምምነት ዩኒቨርሲቲዎቹ ለስፖርተኞቻቸው በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲያካፍሉ ፈቅዷል፤ አብዛኛው የሚሄደው ወደ አሜሪካ ፉትቦልና ወደ ቅርጫት ኳስ ነው። አትሌቲክስ ከዚያ የተረፈውን ይጠብቃል። ቦታውም ሲገደብ አሰልጣኝ ታዳጊ አሳድጎ ለማየት ትዕግሥት አይኖረውም። የበሰለ ሯጭ ይፈልጋል።

መምህርቷ፦ የበሰለ ሯጭ ፍለጋማ ኬንያ ድረስ እየሄዱ ነው! ዶሪስ ሌምንጎሌ አላባማ ዩኒቨርሲቲ እየተማረች እ.ኤ.አ. በ2024 የኮሌጆችን የአገር አቋራጭ ውድድር አሸነፈች፤ በዓመቱ 3 ሺህ ሜትር መሰናክልን በ8፡58.15 ገባች። ከእሷ በፊት እዚያው አላባማ ሜርሲ ቼላንጋት ነበረች። ከጎረቤታችን እንዲህ እየወሰዱ ከእኛ ለምን አይወስዱም? በሩጫ አናንስም። ሰንዳፋ ላይ እርስዎ የሚያሠለጥኗቸው ልጆች ከኬንያዎቹ የኤልዶሬት ልጆች በምን ያንሳሉ?

አሰልጣኙ፦ በእግር አያንሱም። ኬንያ ግን ይህን መንገድ የጀመረችው ዛሬ አይደለም። ሄንሪ ሮኖ እ.ኤ.አ. በ1978 የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኖ ነው በ81 ቀን ውስጥ አራት የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረው። 3 ሺህ፣ 3 ሺህ መሰናክል፣ 5 ሺህ፣ 10 ሺህ! እንዲህ ያለ ሰው በዓለም አልታየም። ከዚያስ? በኦሊምፒክ አንድ ጊዜም አልሮጠም፤ በ1976ም በ1980ም አገሩ አድማ መታች። ኋላ መጠጥ ያዘው፤ በባዕድ አገር ዝቅ ያለ ሥራ ሲሠራ ኖረ፤ አገሩ የገባው እ.ኤ.አ. በ2019፣ ካረጀ በኋላ ነው። ስለሱ ባሰብኩ ቁጥር ዝም ብዬ ልጅ አልሰጥም እላለሁ።

መምህርቷ፦ አድማውን ኮሌጁ አላመጣበትም፤ ጋሼ፣ ይህንን እርስዎም ያውቁታል። የሮኖን ዘመን ካነሱ ማይክ ቦይትንም ያንሱልኝ። እ.ኤ.አ. በ1972 ሙኒክ ላይ በ800 ሜትር ነሐስ አገኘ፣ አሜሪካ ተማረ፣ እስከ ዶክትሬት ዘለቀ፣ ተመልሶ የኬንያ ስፖርት ኮሚሽነር ሆነ፣ በዩኒቨርሲቲም አስተማረ። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ጆን ማነርስ ከሚባል አሜሪካዊ ጸሐፊ ጋር ሆኖ የስምጥ ሸለቆ ልጆችን ወደ ታላላቆቹ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሚልክ ፕሮግራም አቋቋመ። ልጆቹን ሃርቫርድና ዬል አስገብቷል። አንድ ሰው ተምሮ ሲመለስ ስንት ሰው ይዞ እንደሚነሳ ይኸው።

አሰልጣኙ፦ አሁን ወደ እኔ ነጥብ መጣሽልኝ። ያ ፕሮግራም ልጆቹን የመረጠው በምን ነበር?

መምህርቷ፦ በአገር አቀፍ ፈተና ውጤታቸው። ከዚያ በኋላ 1,500 ሜትር ያስሮጣቸው ነበር።

አሰልጣኙ፦ መጀመሪያ ፈተና፣ ከዚያ ሩጫ። የመረጡት ተማሪ ነው፤ እግሩን ያዩት በኋላ ነው። ወደ እኛ አገር አምጪው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4። ከመቶ ዘጠና በላይ የሚሆነው ልጅ በወደቀበት አገር ከአርሲና ከሰሜን ሸዋ ገጠር የመጣ ሯጭ ነው የሚያልፈው? የከፈትሽው በር ሯጮቹን አያስገባም። የሚያስገባው እዚህ አያትና ሲ.ኤም.ሲ. በግል ትምህርት ቤት የተማረውን፣ ሮጦ የማያውቀውን ነው።

መምህርቷ፦ እንግዲያው እኔም የመጣሁበትን ልናገር። ሯጮቹ ለምን ይወድቃሉ? ሰነፍ ስለሆኑ ነው? ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ይህች ልጅ የት ናት? ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ከቤት ትወጣለች፣ ሰንዳፋ ሮጣ ስትመለስ 4 ሰዓት ያልፋል። ያኔ ሦስት ክፍለ ጊዜ አልቋል። ሒሳብና እንግሊዝኛ የሚሰጡት ጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ደክማ ዴስክ ላይ ትተኛለች፤ እኔም ልቀሰቅሳት አይሆንልኝም። በሳምንት ሦስት ቀን ከክፍል የሚወስዳት የእርስዎ ፕሮግራም ነው። ኋላ በፈተና ስትወድቅ “ሯጭ አይማርም” ይባላል።

አሰልጣኙ፦ እዚህ አያት ውስጥ የት ላሩጣት ታዲያ? ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከአደባባዩ ወደ ላይ ስትወጪ ሜዳ ነበር፤ ልጅ በቤቱ በር ወጥቶ ሣር ላይ ይሮጥ ነበር። አሁን ኮንዶሚኒየም፣ ሪል ስቴት፣ አስፋልት ነው። በአስፋልት ላይ በየቀኑ የሚሮጥ የ17 ዓመት ልጅ ቅልጥሙ ይታመማል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። በዚያ ላይ የመኪናው ጭስ አለ። ሰንዳፋ አፈሩ ለስላሳ ነው፣ አየሩ ንጹሕ ነው፣ ከፍታውም ይረዳል። ሚኒባሱን ለሠላሳ ልጅ አዋጥተን ነው የምንከራየው፤ ሹፌሩ 2 ሰዓት ላይ ተመለስ ቢባል መንገዱ አይለቀውም። ልጆቹን ከክፍል ማውጣት ደስ ብሎኝ መሰለሽ? ግቢው ውስጥ ባለ 400 ሜትር የአፈር መም ያለው ትምህርት ቤት በዚህ ሰፈር አሳይኝና ነገ ጠዋት እዚያ እገኛለሁ።

መምህርቷ፦ የለም። ያንን አልክድም። የኔ ትምህርት ቤት ግቢ መረብ ኳስ እንኳ በተራ ነው የሚጫወቱበት።

እናት (ዝም ብላ ስታዳምጥ የቆየችው የልጅቷ እናት)፦ ይቅርታ ጋሼ፤ ቲቸር፣ አንቺም ይቅር በይኝ። የምትሉት ሁሉ የሚገባኝን ያህል ገብቶኛል። እኔ ገንዘቡን ልጠይቅ። ክለቡ ደመወዝ አለው ብለውኛል። ይኼ ስኮላርሺፕ የሚባለውስ ለቤት የሚልከው ነገር አለ?

መምህርቷ፦ የለውም፣ እትዬ። እውነቱን ልንገርዎ። ትምህርቷን፣ መኝታዋን፣ ምግቧን፣ መጽሐፏን ይሸፍናል። ጥሩ ከሆነ ለኪስ ትንሽ ይጨምራል። በተማሪ ቪዛ የገባች ልጅ ግን ያለ ልዩ ፈቃድ ከግቢ ውጭ ተቀጥራ መሥራት አትችልም፤ ግቢው ውስጥም ትምህርት ባለበት ወቅት በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ አይፈቀድላትም። እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ አሜሪካውያኑ ስፖርተኞች በስማቸው ከማስታወቂያ ገንዘብ ያገኛሉ፤ ለውጭ አገር ተማሪ ግን ያ በቪዛው ምክንያት የተዘጋ ያህል ነው። አራት ዓመት ከእሷ ምንም አይጠብቁ።

እናት፦ አራት ዓመት።

አሰልጣኙ፦ እህቴ፣ ክለቡ በየወሩ ይከፍላታል። አገራችን ሯጭ ያፈራችው በዚህ መንገድ ነው። አበበ ቢቂላ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ ማሞ ወልዴም እንዲሁ። ዛሬም መቻል አለ፣ ንግድ ባንክ አለ፣ ኢትዮ ኤሌክትሪክ አለ። የድኻ ልጅ የሚበላውን እያገኘ የሚሠለጥንበት ከዚህ ሌላ አሠራር አላየሁም። አሜሪካዊው ኮሌጅ ልጅሽን ያበላታል፣ ታናናሾቿን ግን አያበላም።

መምህርቷ፦ ክለብ እስከ መቼ ያበላታል? ይኼንንም ይንገሯቸው እንጂ። በጃን ሜዳ አገር አቋራጭ ውድድር ላይ አንደኛ የወጣችውን አገር ያውቃታል። ሠላሳኛ የወጣችውስ? ሠላሳኛ መውጣት እኮ ቀላል አይደለም፤ በዚያ ሜዳ ላይ ሠላሳኛ የሆነች ልጅ ሌላ አገር ብትሆን ብሔራዊ ቡድን ትገባለች። እዚህ ግን ሚኒማ፣ የማለፊያውን ሰዓት፣ አላመጣችም ተብሎ ውሏ አይታደስም፣ ወይም እግሯ ይታመማል፣ በ23 ዓመቷ ያለ 12ኛ ክፍል ወረቀት ቤቷ ትመለሳለች። ኮሌጅ የምለው ለአንደኛዋ አይደለም። አንደኛዋ የትም ብትሆን መንገድ አታጣም። ለሠላሳኛዋ ነው። ለእሷ ዲግሪ የሚሰጣት ሌላ ማን አለ?

አሰልጣኙ፦ ይኼ... አዎ። በዚህ ላይ የምመልሰው የለኝም። ቤታቸው የተመለሱትን እኔም አውቃቸዋለሁ። አንዳንዶቹ እዚሁ አያት አሉ።

መምህርቷ፦ ካወቋቸው ታዲያ፣

አሰልጣኙ፦ ቆይ። ኮሌጁም እኮ ሠላሳኛዋን አይፈልጋትም። የሚከፍልላት ለትምህርት ቤቱ ነጥብ እንድታመጣ ነው። መስከረም ላይ አገር አቋራጭ፣ ክረምታቸው ሲገባ የቤት ውስጥ፣ ከዚያ እስከ ሰኔ መም፤ በዓመት ሦስት የውድድር ወቅት ነው። ኤድዋርድ ቼሴሬክን ታውቂዋለሽ? ከኬንያ በልጅነቱ ኒው ጀርሲ ሃይስኩል ገባ፣ ኦሪገን ዩኒቨርሲቲ 17 የኮሌጅ ሻምፒዮናዎችን አሸነፈ። አሥራ ሰባት! ከዚያ በኋላ ለኬንያም ለአሜሪካም በኦሊምፒክ አልሮጠም። ጉልበቱን የት ጨረሰው?

መምህርቷ፦ ያሬድ ንጉሤስ? ወላጆቹ ከኢትዮጵያ የሄዱ ናቸው፤ እሱ ኬንታኪ፣ ሉዊቪል ተወለደ። ሃይስኩል እስኪገባ ሯጭ አልነበረም። ኖትርዳም ዩኒቨርሲቲ ባዮኬሚስትሪ እያጠና እ.ኤ.አ. በ2019 የኮሌጆች የ1,500 ሜትር ሻምፒዮን ሆነ፤ ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ በ3፡27.80 ነሐስ አገኘ። ያ ጉልበት ኮሌጅ ውስጥ አላለቀም። ደግሞ በትምህርቱም የጥርስ ሐኪም የመሆን ሐሳብ ነበረው።

አሰልጣኙ፦ ያሬድ የተወለደው እዚያ ነው። እናቱ በየውድድሩ ልትገኝ ትችላለች፤ የቪዛ ወረፋ አይጠብቅም። የኛ ልጅ ትሄዳለች፤ ግን ትመጣለች ወይ? ዩጂን ላይ እ.ኤ.አ. በ2014 የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና ሲካሄድ አራት የኛ ታዳጊዎች ከማደሪያቸው ወጥተው ጠፍተው ነበር። ገና ልጆች ነበሩ። ያን ዜና ስሰማ ያደረብኝን ድንጋጤ አልረሳውም።

መምህርቷ፦ እነዚያ ልጆች የጠፉት እኮ በሕጋዊ መንገድ የሚማሩበት በር እንዳለ ማን ነግሯቸው? በሩን ያላየ በአጥር ይዘላል። ተምሮ መመለስ ደግሞ እንግዳ ነገር አይደለም። ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ሃንጋሪ ተምሮ መጣ። ደራርቱን፣ ኃይሌን፣ ቀነኒሳን ማን አሠለጠነ? እርስዎ ራስዎ ስለሱ ሲያወሩ ድምፅዎ ይለወጣል። ያኔ “አትሂድ፣ ክለብ ግባ” የሚለው ሰው ቢያሸንፍ ኖሮ ምን ይቀርብን ነበር?

አሰልጣኙ፦ ወልደመስቀል የሚመለስበት አገር ነበረው፤ ተመልሶም ሥራ ጠበቀው። ዛሬ ግን እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2025 ወዲህ አሜሪካ ለኢትዮጵያውያን የምትሰጠው የተማሪ ቪዛ ለሦስት ወርና ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ሆኗል። ገብታ መማሯን አይከለክልም፤ ዕረፍት ላይ እናቷን ልታይ ከመጣች ግን ለመመለስ እንደ አዲስ ማመልከት አለባት። ቢከለክሏትስ? ሁለተኛ ዓመት ላይ ያለች ልጅ እናቷን ላለማጣት ትምህርቷን፣ ትምህርቷን ላለማጣት እናቷን ልትተው ነው።

መምህርቷ፦ ይኼ የመረረ እውነት ነው። ማስተባበያ የለኝም። አራቱን ዓመት ሳትመጣ መቀመጥ ሊኖርባት ይችላል።

እናት፦ አንድ ነገር አለ፤ ልናገረው። ባለፈው የጎዳና ውድድር ብር ይዛ መጥታ ነበር። ደግሞ አንድ ማናጀር ነኝ ያለ ሰው ወረቀት አስፈርሟታል። እኔም “አንብቢው” አላልኳትም። ይኼ ይጎዳታል?

መምህርቷ፦ ብሩ ስንት ነበር? ... አይ፣ ቁጥሩን አሁን አይንገሩኝ፤ ወረቀቱን ሁሉ ይሰብስቡልኝ። እኔ የማውቀው ሕግ እንዲህ ነበር፤ ተለውጦ እንደሆነ አጣራለሁ፦ ኮሌጅ ሳትገባ የተቀበለችው ሽልማት ለውድድሩ ካወጣችው ወጪ ካለፈ ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል። ከማናጀር ጋር መፈራረም ደግሞ ከዚህ ይብሳል፣ ሊያሳግዳት ይችላል። ሁሉም ለማኅበሩ ይገለጻል፤ ተደብቆ ኋላ ከተገኘ ግን አይምሯትም። እባክዎ ከዛሬ ጀምሮ ምንም እንዳትፈርም።

አሰልጣኙ፦ የክለቡስ ውል?

መምህርቷ፦ እሱም። ደመወዝ ከተቀበለች እንደ ሙያተኛ ሊያዩዋት ይችላሉ።

አሰልጣኙ፦ ሃይስኩል ጨርሳ ሁለት ዓመት ክለብ ብትሮጥና ኋላ ልማር ብትልስ?

መምህርቷ፦ በእሷ ስፖርት ከሃይስኩል በኋላ የሚታገሷት አንድ ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ለምትወዳደርበት እያንዳንዱ ዓመት ከአራቱ የኮሌጅ የውድድር ዘመኖቿ አንዱ ይቀነስባታል።

አሰልጣኙ፦ እንግዲህ ነገሩ ይኼ ነው፣ መምህርት። ስትመጪ “አንድ ዓመት ይታገሱኝ” ብለሽ ነበር። አንድ ዓመት ብቻ አይደለም የጠየቅሽን። ሁለቱ መንገዶች አብረው አይሄዱም። ደመወዙን የያዘች ኮሌጁን ትለቃለች፤ ኮሌጁን የምትጠብቅ ደግሞ የኮሌጁ የመቀበያ ደብዳቤ እስኪመጣ ድረስ ባዶ እጇን ትቀመጣለች። አሜሪካዊ ልጅ እንዲህ ያለ ምርጫ አይቀርብለትም፤ ሃይስኩሉም ቡድኑም አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው። እኛ አገር ክለቡ ሌላ፣ ትምህርት ቤቱ ሌላ፣ ሁለቱም አይተዋወቁም። ልጅቷን ሁለት ቦታ የቆረጥናት እኛ ነን፤ ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. አይደለም።

መምህርቷ፦ እሱን ከተስማማን ሌላውን ማስተካከል አይቻልም? ሰንዳፋን በሳምንት አንድ ቀን ቅዳሜ ያድርጉላት፤ በሌላው ቀን ከትምህርት በኋላ እዚሁ ትሩጥ።

አሰልጣኙ፦ ከትምህርት በኋላ ማለት 11 ሰዓት ነው። 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይጨልማል፤ ሴት ልጅ በጨለማ ብቻዋን አላሮጥም። ሁለቱን ቀን ለአንቺ እለቃለሁ፣ ሰኞንና ዓርብን። ረቡዕ የፍጥነት ልምምድ ነው፤ ረቡዕን ከወሰድሽብኝ ሰዓቷ አይወርድም፤ ሰዓቷ ካልወረደ ደግሞ ያንቺው ኮሌጅ ለኢሜይልሽ መልስ አይሰጥም።

መምህርቷ፦ የረቡዕን ትምህርት እኔው ሐሙስ ከሰዓት አካክስላታለሁ።

እናት፦ ክለቡ መልስ የሚፈልገው መቼ ነው?

አሰልጣኙ፦ ሰኔ ሳያልቅ። ከዚያ ካለፈ ቦታውን ሌላ ልጅ ይወስደዋል፤ እሷም ጎበዝ ናት፣ እሷም እናት አላት። ልጅሽ በዓመቱ 12ኛን ጨርሳ ደብዳቤው ባይመጣ ያው ክለብ እንደሚቀበላት ቃል ልገባልሽ አልችልም። ሰዓቷ ካልተበላሸ ግን ሌላ ክለብ በእግሬ እየዞርኩ እፈልግላታለሁ።

መምህርቷ፦ እኔም ቃል የምገባው ለትራንስክሪፕቷና ለማመልከቻው ብቻ ነው፣ እትዬ። ቪዛው በእጄ አይደለም፤ ስኮላርሺፑም ግማሽ ይሁን ሙሉ አላውቅም፤ ግማሽ ከሆነ አትሄድም። የክለቡን ውል ከፈረመች በኋላ ግን መንገዱን መልሼ ላስከፍተው አልችልም።

እናት፦ ቤት ኪራዩ የሚጨምረውም ሰኔ ላይ ነው። ጋሼ፣ የክለቡን ውል ከፊርማው በፊት አምጡልኝ፤ ብትጎዳ ምን እንደሚያደርጉላት ተጽፎ እንደሆነ ቲቸር ታንብብልኝ። አንቺም ያንን ስኮላርሺፕ የሚሰጡትን ጠይቂልኝ፤ እዚያ ሄዳ እግሯ ቢሰበር ያስተምሯታል ወይስ ይመልሷታል?

መምህርቷ፦ እዚህ ላይ ዩኒቨርሲቲው ይለያያል። አንዳንዱ በየዓመቱ ያድሳል፣ አንዳንዱ ለአራት ዓመት በጽሑፍ ይሰጣል። በጽሑፍ ካልሆነ አንቀበልም።

አሰልጣኙ፦ ክለቡም በጽሑፍ አላደረገውም። እስከ ዛሬ ጠይቄያቸው አላውቅም፤ ሰኞ እጠይቃለሁ።